ከእንቁጣጣሽ ሥዕል እስከ ቡሄ ጅራፍ፦ የየወቅቱ የእጅ ሥራና የልጆች ንባብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚያድጉ ልጆች በየወቅቱ በእጃቸው የሚሠሯቸውን ነገሮች ይመለከታል። የመስከረም ሥዕል፣ የስንደዶ ስፌት፣ የገና ዱላ፣ የሆሳዕና ዘንባባ፣ የክረምት ጭቃና የቡሄ ጅራፍ ንባብና ጽሕፈት ለማስተማር እንዴት እንደሚያገለግሉ አንድ በአንድ እናያለን። ወላጆች፣ አያቶች፣ የዜሮ ክፍልና የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ አብራችሁን ቆዩ።

በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች የሚማሩ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታቸው ተለክቶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ለክፍላቸው የተመጠነ አጭር ታሪክ እንዲያነቡ ተጠየቁ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ተመላልሰው አንዲት ቃል! ይህ ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አማርኛን ጨምሮ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ለትምህርት ቤቶች ተሠራጩ።

መጽሐፍ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ልጅ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ አይውልም። ግማሹን ቀን ከብት ሲጠብቅ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ያሳልፋል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም በጦርነት የተነሳ በአማራ ክልል የብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ የቆጠረው ፊደል እንዳይጠፋበት የሚይዝለት ቤቱና ሜዳው ነው። በቤትና በሜዳ ደግሞ የልጆች እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ጎንደር የፊደል አገር ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ በየደብሩ የንባብ፣ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤቶች ተስፋፍተዋል፤ የአቋቋም ምስክር ቤት የሆነችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ስም ዛሬም በመላው ኢትዮጵያ ይጠራል። ሕፃኑ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል። ሀ ሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ይቀጥላል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ኋላም ዳዊትን ይደግማል።

በዚህ ትምህርት ውስጥ እጅና ዓይን ተለያይተው አያውቁም። ቁም ጸሐፊ መሆን የፈለገ ተማሪ የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ወጥሮ እየፋቀ ብራና ማውጣት፣ መቃውን ቀርጾ ብዕር ማድረግ፣ ከጥቀርሻና ከቅጠላ ቅጠል ጥቁር ቀለም መበጥበጥ ይማራል። ቀዩን ቀለም ለርእስና ለቅዱሳን ስም ይለያል። ፊደልን የሚጽፈው መጻፊያውን በገዛ እጁ ሠርቶ ነው።

የዛሬ ልጆችም በየበዓሉ ይሠራሉ፤ ይፈትላሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ይሥላሉ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ፊደሉን ከሚሠሩት ነገር አጠገብ የሚያስቀምጥላቸው ሰው። ይህን ማድረግ ደግሞ ገንዘብም የተለየ ሥልጠናም አይጠይቅም። የዓመቱን ወቅቶች ተከትለን እንመልከት።

ከመስከረም እንጀምር። የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጆች ፀሐይን፣ አደይ አበባን፣ መላእክትን በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ ጎረቤትም ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ሥዕሉ ጽሑፍ ላይኖረው ይችላል። እዚህ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር። ሥዕሉ ለአያት ከሆነ «እንኳን አደረሰዎ»፣ ለወንድ ጓደኛ ከሆነ «እንኳን አደረሰህ»፣ ለሴት ጓደኛ «እንኳን አደረሰሽ»፣ ለአንድ ቤተሰብ በሙሉ ሲሆን «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ አራቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የቃሉ መነሻ ያው መሆኑን፣ መጨረሻው ግን እንደ ተቀባዩ መለወጡን በዓይኑ ያያል። አክብሮትን በአፉ ያውቀው ነበር፤ አሁን በፊደል አገኘው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጻፈውን የሚያነብለት እውነተኛ ሰው አለ። አያት ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው ሲያነቡለት ጽሑፍ ለምን እንደሚጠቅም ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ሥዕልን ከጽሑፍ ማጣመር በጎንደር የቆየ ልማድ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ በተርታ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ያላየ የከተማዋ ልጅ ጥቂት ነው። በብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ከምስሉ አጠገብ የማን ሥዕል እንደሆነ፣ ምን እየተደረገ እንዳለ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይገኛል። ልጁም ከሥዕሉ ሥር «ይህች ፀሐይ ናት» ብሎ ሲጽፍ ያንኑ ልማድ መከተሉ ነው። በአዲስ ዓለምና በሌሎች ሰፈሮች የሚያድጉ የሙስሊም ልጆች ደግሞ ለዒድ በዓል ለዘመድ የሚሰጥ ካርድ በዚሁ መንገድ ማዘጋጀት ይችላሉ።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ። እናት መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን ስትሰፋ ትንሿ ልጅ ከጎኗ ተቀምጣ ወስፌ አያያዝ ትማራለች። ከሚወድቀው ቁርጥራጭ ስንደዶ የፊደል ገበታ መሥራት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቁራጭ ስንደዶ ይወሰድ። ሁለቱ እግር፣ አንዱ ጣራ ሆነው መሬት ላይ ሲደረደሩ «በ» ይሆናሉ። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አጭር ቁራጭ ሲቀጠል «ቡ» ይሆናል፤ ያው ቁራጭ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ «ቢ»። ግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፤ በቀኝ እግሩ ጫፍ ትንሽ ቀለበት ስትታሰር «ቤ»። ቁራጩ ወደ ግራ እግሩ ሲዞር «ብ»፤ ቀኝ እግሩ ሲያጥር «ቦ»። ከዚያ ጣራው ሾጠጥ ይበልና «ሰ» ይሁን፤ ለውጦቹ ያንኑ መንገድ ይከተላሉ። በ«ሰ» አናት ላይ አንድ ቁራጭ ሲጋደም ደግሞ «ሸ» ይሆናል፤ አሁንም ያው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉንም በቃል ሸምድድ የተባለ ልጅ ቢደክመው አይፈረድበትም። ለውጡ ሥርዓት እንዳለው በእጁ የደረሰበት ልጅ ግን ከሰባቱ አንዱን ሲያውቅ ሌሎቹን መገመት ይጀምራል። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ፊደል እንደ «በ» ታዛዥ አይደለም፤ በተለይ ሳድስና ሳብዕ ከፊደል ፊደል ይለያያሉ። ስለዚህ በሚመሳሰሉት ተጀምሮ ወደሚለዩት ቢኬድ ይመረጣል።

«በ»ና «ሰ» ብቻ በእጇ ያሉ ልጅ አንድ ሙሉ ቃል መጻፍ ትችላለች፦ «ሰበሰበ»። ስንደዶ ስትሰበስብ የዋለች ልጅ ማታ ይህን ቃል በስንደዶ ጽፋ ካነበበች ያን ቀን ንባብ ተምራለች። ነገ «ስብ»፣ «ሳበ»፣ «ሰባ» ይጨመራሉ።

ታኅሣሥ ሲገባ ወንዶች ልጆች ጫፉ የታጠፈ እንጨት መርጠው የገና ዱላ ይቀርጻሉ። ይህ ጨዋታ ቡድን፣ ደንብና ውጤት ያለው ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱን ቡድን ልጆች ስም በከሰል በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሚጽፍ አንድ ልጅ ይመረጥ፤ ሩሯ፣ የጨዋታው ኳስ፣ በገባች ቁጥርም ምልክት ያድርግ። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ የሚወደው ስሙን ነው፤ ቀጥሎ የጓደኞቹን ስም።

የጥር ወር በጎንደር የጥምቀት ነው። ኢትዮጵያ ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስመዘገበችው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ እጅግ ከሚደምቅባቸው ስፍራዎች አንዱ የፋሲል መዋኛ ነው። ልጆች መንገዱን ለማስጌጥ ጨርቅና ወረቀት ሲቆርጡ ታቦቶቻቸው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርዱትን አድባራት ስም በየቁራጩ ላይ መጻፍ ይችላሉ። «ፊት ሚካኤል»፣ «ፊት አቦ»፣ «አጣጣሚ ሚካኤል»፣ «ግምጃ ቤት ማርያም»፣ «እልፍኝ ጊዮርጊስ»። ከዚያ ጥያቄው ይምጣ፤ በሁለት ስሞች ላይ የተደገመው ቃል የቱ ነው? «ፊት» የሚለው ስንት ቦታ አለ? ልጁ ስሞቹን ከጨቅላነቱ ጀምሮ ሲሰማ ስላደገ ጽሑፉን ለመገመት ግማሹን መንገድ ሄዷል። በሰፈሩ የሚያያቸው ጽሑፎች፣ የሱቅ ስም፣ የታክሲ መድረሻ፣ የትምህርት ቤት በር፣ ሁሉም ለዚህ ሥራ ይጠቅማሉ።

በሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ይታደላል። ልጆች ቀለበት፣ መስቀልና የግንባር ማሠሪያ ይጎነጉናሉ። ቀለበት መሥራት የሚችል ልጅ ለማይችለው ሲያሳይ እንዲያወራ ይደረግ፦ «መጀመሪያ ታጥፈዋለህ፤ ቀጥሎ የግራውን በቀኙ ላይ ታሳልፋለህ፤ በመጨረሻ ጫፉን ትሸጉጠዋለህ።» ታላቅ እህት ይህን ሦስት መስመር አድርጋ ትጻፍለት። ሌላ ልጅ ጽሑፉን እያነበበ ቀለበቱን መሥራት ከቻለ ጽሑፉ ተሳክቷል፤ ካልቻለ የጎደለው ቃል ተፈልጎ ይጨመር። ቅደም ተከተል ያለው ጽሑፍ መጻፍ በትምህርት ቤት ለትልልቅ ልጆች እንኳ የሚከብድ ሲሆን፣ እዚህ ግን ዘንባባው ራሱ ያርማል።

ከሐምሌ ጀምሮ ደባርቅ፣ ዳባትና ጃናሞራ በጉም ይሸፈናሉ፤ መሬቱ ጭቃ ነው። እረኞች በዚህ ጭቃ በሬ፣ ላም፣ ፈረስ፣ ሰው ይሠራሉ። ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ይሠሯቸው የነበሩት ትንንሽ ምስሎች ጎብኚ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ የደጋው ልጅ የጭቃ በሬም ከዚሁ የእጅ ጥበብ የተዛመደ ነው።

የጭቃ በሬዎች ሲጠመዱ ደግሞ ብዙ ቃል ይመጣል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን። የገበሬ ልጅ እነዚህን ሁሉ ያውቃል፤ የከተማ መምህሩ ላያውቅ ይችላል። እያንዳንዱ ቃል በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በእንጨት ስንጥር ጫፍ ይሰካና ከየክፍሉ ጎን ጭቃው ላይ ይተከል። ነገ ወረቀቶቹ ይነቀሉና ልጁ አንብቦ ወደየቦታቸው ይመልስ። ንባብ ሆሄ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያነበቡትን መረዳት ነው። የእረኛው ልጅ ትርጉሙን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ትግሉ ከፊደሉ ጋር ብቻ ይሆናል።

ፊደሉንም ከጭቃው መሥራት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካሪን ጀምስ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ጥናት ገና ማንበብ ያልጀመሩ የ5 ዓመት ልጆች ተሳትፈዋል። ልጆቹ ሆሄያትን በሦስት መንገድ ተለማመዱ፦ በእጅ በመጻፍ፣ የተሠራ መስመርን በመከተል፣ የመተየቢያ ቁልፍ በመጫን። ከዚያ ሆሄያቱን ሲያዩ አእምሯቸው በምርመራ መሣሪያ ታየ። ለንባብ የሚያገለግለው የአእምሮ ክፍል በግልጽ የነቃው ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው የጻፏቸውን ሆሄያት ሲያዩ ነበር። ልጅ በራሱ እጅ የሠራው ሆሄ የተዛነፈ ቢሆንም እንኳ ይጠቅመዋል። ስለዚህ የልጁ «ሀ» ብትጎብጥ ወላጅ አይቆጣ፤ ጎን ለጎን ሌላ «ሀ» ይሥራና ልጁ እንዲያስተያያቸው ይተወው።

ዝናቡ ከቤት ሲያስቀር ደግሞ አሮጌ ካልሲ አለ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብዙ ልጆች የወደዷት ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ዝግጅት የፈጠሩት መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሥራውን የጀመሩት ቤታቸው ውስጥ ነበር። በጎንደር አንድ ጓዳም ሁለት ቁልፍ ዓይን የተሰፋበት ካልሲ ተረት መናገር ይችላል። ለሰው ፊት ማንበብ የሚያፍር ልጅ በአሻንጉሊቱ አፍ ሲያነብ ድምፁ ይከፈታል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ከዚያ ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ወንዶች ልጆች ልጥና ቃጫ እየገመዱ ጅራፍ ያዘጋጃሉ፤ ጩኸቱም ከተራራ ተራራ ያስተጋባል። በበዓሉ ጊዜ በየቤቱ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ሙልሙልም ይሰጣቸዋል። አውጪው ግጥሙን በየቤቱ እንደ ባለቤቱ ሁኔታ እየለዋወጠ ቤት ያስመታል።

ይህ ቤት ማስመታት ለንባብ ታላቅ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ አገር ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። ድምፅ ለይቶ መስማት የከበዳቸው 65 ልጆች በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ በ40 አጫጭር ክፍለ ጊዜያት በሥዕል እየታገዘ በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላትን መለየት ተማረ። ሁለተኛው ያንኑ ተምሮ ከፕላስቲክ የተሠሩ ሆሄያትን እየነካ ድምፁን ከሆሄው ጋር አገናኘ። የቀሩት ሁለቱ ከድምፅ ጋር የተያያዘ ልምምድ አልነበራቸውም። በንባብ ከሁሉ የበለጠው ድምፁንና የሚጨበጠውን ሆሄ አንድ ላይ ያገኘው ቡድን ሆነ።

የጎንደር ልጅ ድምፁን ከቡሄ አግኝቷል። የሚጨበጠው ሆሄ ብቻ ይቅረብለት። ጅራፍ ሲገመድ አባት ወይም አጎት «ከ‹ልጅ› ጋር ቤት የሚመታው ምንድን ነው?» ይበል። «እጅ»፣ «ደጅ» ይመጣሉ። «ችቦ» ሲባል «ዳቦ»፤ «ሜዳ» ሲባል «ጓዳ»፣ «እንግዳ»። ቃላቱ በከሰል በግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ ሥር ይጻፉ። መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ፊደል መሆኑን ልጁ ራሱ ጣቱን ቀስሮ ያሳይ። ትልልቆቹ ደግሞ ለየጎረቤቱ የሚሉትን አዲስ ግጥም ቀደም ብለው በደብተር ይጻፉ፤ ማን ቤት ምን እንደሚባል አንብበው ይለማመዱ። ሴቶች ልጆችም በአደይ አበባ ወራት በሚዘፍኑት ዘፈን እንዲሁ ያድርጉ። ጅራፍ ሲጮህ ትንንሾቹ ራቅ ይበሉ፤ የበዓሉ ችቦም በአዋቂ እጅ ብቻ ይለኮስ።

አንዳንድ አድማጮች «እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም፤ ልጄን እንዴት ልርዳ?» ይሉ ይሆናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ የገጠር እናቶችንና አባቶችን ፊደል አስቆጥሮ ነበር፤ ሳይደርሳቸው የቀሩና ተምረው የረሱትም አሉ። ያልተማረች እናት ግን ለልጇ ንባብ የምታደርገው ብዙ ነው። የመሶቡን አሠራር ከነስሙ ትነግረዋለች፣ ተረት ታወራለታለች፣ እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች፣ ቤት የሚመታ ቃል ትሰጠዋለች። ይህ ሁሉ ልጁ ኋላ በጽሑፍ የሚያገኘው ቋንቋ ነው። ፊደሉን የ4ኛ ወይም የ5ኛ ክፍል ታላቅ ልጅ ይጻፍ፤ እናት ደግሞ «አንብብልኝ» ትበል። አንብብልኝ የሚለው ሰው ያለው ልጅ ማንበቡን አያቆምም።

ለመምህራን አንድ ነገር እናክል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆች በክረምቱ የሠሩትን ይዘው እንዲመጡ ይነገራቸው፤ የጭቃ በሬም፣ የስንደዶ ፊደልም፣ ጅራፍም ይምጣ። እያንዳንዱ ልጅ ስለሠራው ነገር ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ መምህሩ ወይም መምህርቷ ልጁ ያለውን ቃል ሳይለውጡ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉለት፤ ልጁ ከላዩ ሥዕሉን ይሣል፣ ከታች ስሙን ይጻፍ። አርባ ልጅ ባለበት ክፍል አርባ ገጽ ይሆናል። ገጾቹ በወፍራም ክር ተሰፍተው፣ ልባሳቸው ከካርቶን ተቆርጦ፣ በክፍሉ ጥግ ይቀመጡ። መጻሕፍት በጎደሉበት ትምህርት ቤት ይህ የክፍሉ ማንበቢያ ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻም ለሚቀጥለው የዜሮ ክፍል ይተላለፋል፤ አዲሶቹ ልጆችም በውስጡ የታላላቆቻቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ስም እየፈለጉ ያነቡታል።